ልጁ የጠጣው ለምንድን ነው?

የዛሬው ጽሑፋችን ትንሽ ከበድ ይላል፤ ቢሆንም ወላጅ የሆነ ሁሉ እስከ መጨረሻው እንዲያነበው እንለምናለን።

በቅርቡ ለጉዳይ ወደ ጅቡቲ ከተማ ወርደን ራስ ዲካ አመሸን። መኪና ስንጠብቅ አንድ የካምፓችን ልጅ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጦ አየነው። ገና አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፤ እናቱን በደንብ እናውቃታለን። በእጁ የውሃ ፕላስቲክ ይዟል፣ ውስጡ ያለው ግን ውሃ አልነበረም። «አንተ ልጅ፣ ምን ነካህ?» አልነው። «እንቅልፍ እንዲወስደኝ ነው» አለን። ሌላ አልጨመረም።

እኛም ማንም ሰው እንደሚያደርገው ተቆጣን። «እናትህ ይህን ብታይ ምን ትላለች?» እያልን አሳፈርነው። ነገሩ የከነከነን ከተለየነው በኋላ ነው። ልጁ እኮ ለመጨፈር ወይም ከጓደኞቼ ጋር ልዝናና ብዬ ነው አላለም። ያለው እንቅልፍ ነው።

የጎረምሳ ድብርት ከትልቅ ሰው ድብርት መልኩ ይለያል። እናት ስታዝን ታለቅሳለች፣ ከምግብ ትርቃለች፤ ልጅ ግን ብዙ ጊዜ የሚታይበት ቁጣ ነው። በትንሽ ነገር ይነጫነጫል፣ ከታናናሾቹ ጋር ይጣላል፣ ኳስ ይወድ የነበረው ኳሱን ይተዋል፣ ቀን ይተኛል ሌሊት ይነቃል። እኛም «ጠገበ» እንላለን። እንዲህ ያለው ነገር ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ በየቀኑ ከቆየ ግን ጥጋብ ሳይሆን ሕመም ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ይገባል።

ለሐዘኑስ ምክንያት ያጣል ወይ? አሊ አዴ ካምፕ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1991 ዓ.ም. ነው። ለጊዜው የተባለው ቦታ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ እዚያው ተወልደው እዚያው የጎረመሱ ልጆች አሉ። ትምህርቱ ቢያልቅ ቀጥሎ ምን እንዳለ የሚነግረው የለም። ስለዚህ ወደ ከተማ ይወርዳል፤ ሥራ ካገኘ ዕቃ ይሸከማል፣ ካላገኘ ይቆማል።

እዚያ ደግሞ ጫቱ አለ። ከኢትዮጵያ በየቀኑ ይገባል፤ ከሰዓት በኋላ ከተማው ሁሉ ይቅማል። ምርቃናው ሲያልፍ ልብ ይከብዳል፣ እንቅልፍም እምቢ ይላል። ያን ለመስበር ጨብሲ ይመጣል፤ አረቄ፣ ቢራ፣ የተገኘው ሁሉ። በማግስቱ ካልቃመ ዱካክ ይይዘዋል፣ ስለዚህ ይቅማል፤ ከቃመ ደግሞ ይጠጣል። ልጁ እንዲህ ይሽከረከራል።

መጠጥ መጀመሪያ ላይ በእርግጥ ያስተኛል፣ ሐሳብንም ያደበዝዛል። ይሄ ውሸት አይደለም፤ ልጆቹ የሚያምኑትም ለዚህ ነው። ችግሩ የሚመጣው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። መጠጡ ከደም እየወጣ ሲሄድ አንጎል በተቃራኒው ይነቃል፤ እንቅልፍ ይቆራረጣል፣ ልብ ይመታል፣ ጠዋት ድብርቱ ከትናንቱ ብሶ ይጠብቃል። ስለዚህ ያዘነ ይጠጣል፣ የጠጣም ያዝናል። የትኛው እንደ ቀደመ ለሐኪምም ቢሆን ወዲያው አይታወቅም። መጠጡን ካቆሙ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ድብርቱ የሚለቃቸው አሉ፤ የማይለቃቸው ደግሞ ለድብርቱ ራሱ ሕክምና ያስፈልጋቸዋል።

ስለ ሴት ልጆቻችን ብዙም አይወራም። መጠጥ ቤት የምትሠራዋ ልጅ ከደንበኛ ጋር እንድትጠጣ ትገደዳለች፤ ከዚያ በኋላ የምትጠጣው የደረሰባትን ለመርሳት ነው። ወሬው ካምፕ ሲደርስ «ተበላሸች» ተብሎ ያልቃል። እንዴት ነሽ የሚላት የለም።

ቦስተን ከተማ ያለ አንድ የሕፃናት ሆስፒታል ለታዳጊዎች ያዘጋጃቸው ስድስት ጥያቄዎች አሉ፤ ዛሬ በብዙ አገር ይሠራባቸዋል። በእኛ አነጋገር እንዲህ ናቸው። የጠጣ ሰው የሚነዳው መኪና ውስጥ ገብተህ ታውቃለህ? ቀለል እንዲልህ ወይም ስለ ራስህ ጥሩ እንዲሰማህ ትጠጣለህ? ብቻህን ትጠጣለህ? ጠጥተህ ያደረግከውን ረስተህ ታውቃለህ? ቤተሰብ ወይም ጓደኛ ቀንስ ብሎህ ያውቃል? በመጠጥ ምክንያት ችግር ውስጥ ገብተህ ታውቃለህ? ከስድስቱ ሁለቱን አዎ ያለ ልጅ በባለሙያ ቢታይ ይሻላል። ለእኛ የከበዱን ሁለተኛውና ሦስተኛው ናቸው፤ የራስ ዲካው ልጅ ሁለቱንም ሳንጠይቀው መልሶልናል።

(በነገራችን ላይ ለበዓል ጠላ ለልጅ የምናቀምስ እኛው ነን። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2019 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መጠጥ መሸጥን ከልክሏል።)

«እዚህ የአእምሮ ሐኪም የታለ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኤንኤችሲአር እ.ኤ.አ. በ2015 ዓ.ም. ባወጡት መመሪያ መሠረት ድብርትንም የመጠጥ ችግርንም የሠለጠነ ነርስ ወይም ጠቅላላ ሐኪም በጤና ጣቢያ ሊያይ ይችላል። ጅቡቲ እ.ኤ.አ. በ2017 ዓ.ም. ያወጣችው የስደተኞች ሕግም ስደተኛ ሕክምና የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። ጠበል ወይም ዱዓ የሚያስደርግ ያስደርግ፤ ከሕክምናው ጋር አይጣላም።

ሁለት ነገር ግን አደራ። በየቀኑ አብዝቶ የሚጠጣን ልጅ ቤት ቆልፋችሁ በአንድ ቀን አታስቁሙት። እጁ ሊንቀጠቀጥ፣ ሊቃዥ፣ አልፎም እንደሚጥል በሽታ ሊጥለው ይችላል፤ ይህ ገዳይ ነው፣ በጤና ባለሙያ ክትትል ይሁን። ሁለተኛ፣ «ብሞት ይሻለኛል» ያለን ልጅ «አፍህን ዝጋ» አትበሉት። ራስህን ልትጎዳ አስበሃል ወይ ብላችሁ በግልጽ ጠይቁት። መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም። አዎ ካለ ብቻውን አትተዉት፣ ያንኑ ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ወደ ልጁ እንመለስ። እናቱን አግኝተን ሁሉንም ነገርናት። መጀመሪያ «እገለዋለሁ» አለች፤ ከዚያ ብዙ አለቀሰች። አንድ ነገር ብቻ ለመንናት፤ ስለ ፕላስቲኩ ሳይሆን ስለ እንቅልፉ እንድትጠይቀው። ማታ ቡና አፍልታ «ልጄ፣ ሌሊት አትተኛም እንዴ?» አለችው። ዝም አለ። በሦስተኛው ቀን ራሱ መጥቶ፣ ታላቅ ወንድሙ በኦቦክ በኩል ባሕር ከተሻገረ ወዲህ ዓይኑን በጨፈነ ቁጥር ውሃ እንደሚታየው ነገራት። ወንድሙ ከሄደ ዓመት ከሦስት ወር ሆኖታል፤ አልደወለም።

አሁን ጤና ጣቢያ መሄድ ጀምሯል፤ ሦስት ጊዜ ሄዷል። አንዱን ቀን ጠጥቶ ነበር የሄደው። ነርሷ ግን አላባረረችውም፤ ውሃ ሰጥታ አስቀመጠችውና ለሐሙስ ቀጠረችው።