ብዙ ቋንቋ ያለበት ክፍል

በአገራችን ከ80 የማያንሱ ቋንቋዎች ይነገራሉ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አንደኛ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋ፤ ከ9ኛ ክፍል ወዲህ ግን በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ደነገገ። እንግዲህ ከየቤቱ ልዩ ልዩ ቋንቋ ይዘን መጥተን በአንድ ክፍል እንገናኛለን።

ውድ አንባቢዎች፣ አንድ ተማሪ ተጠይቆ ዝም ቢል ትምህርቱ አልገባውም ማለት ነውን? እኔ አይመስለኝም። አማርኛም ኦሮምኛም ሶማልኛም ግሡን በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ያስቀምጣሉ፤ እንግሊዝኛ ግን ከባለቤቱ አስከትሎ ያመጣዋል። ስለዚህ መልሱን ያወቀ ልጅ እንኳ ቃላቱን እንደገና እስኪያሰልፍ ጊዜ ይፈልጋል። መምህሩ ጥቂት ቢታገሡት «ሰነፍ» ከመባል ይድናል።

የፊዚክሱን «ሥራ» እንመልከት። ጆንያ ተሸክሞ ቀጥ ብሎ የቆመ ኩሊ በጆንያው ላይ ምንም ሥራ አልሠራም ይባላል፤ ሸክሙ ካልተንቀሳቀሰ በፊዚክስ ሥራ የለምና። (ይህን ለኩሊው ደፍሮ የሚነግረው ማን ነው!) በአማርኛ «ሥራ»፣ በኦሮምኛ «ሆጂ» ብንለው የተለመደው ትርጉም እኩል ያሳስተናል። አስቀድመን በየቋንቋችን ሁለት ሁለት ሆነን ብንከራከርበት፣ ከዚያም በእንግሊዝኛ ብንመልስ ነገሩ ይጠራል። ፈተናው በእንግሊዝኛ መሆኑን አልዘነጋሁም፤ ነገር ግን ያልገባንን በየትኛውም ቋንቋ ልንጽፈው አንችልም።

በክፍሉ ውስጥ ቋንቋውን የሚጋራው ጓደኛ የሌለው ተማሪ ሲኖር ግን ይኸው ዘዴ ብቻውን ያስቀረዋል። ለእርሱ ሥዕልና በሰሌዳ ላይ የተጻፈ ቃል ይሻለዋል።