የሂግስ ቦዞንን ከዳራው መለየት፦ የነርቭ መረብ በቅንጣት ግጭት መረጃ ላይ

ከአምባ ጊዮርጊስ፣ ከዳባትና ከደባርቅ በላይ ባለው አየር ውስጥ የቅንጣት ግጭት በየቅጽበቱ ይካሄዳል። ከሕዋ የሚመጡ ፕሮቶኖች ከናይትሮጅንና ከኦክስጅን ኒውክለሶች ጋር ይላተማሉ፤ ከግጭቱ የሚገኙ ሙዮኖችም የቤታችንን ጣሪያ አልፈው ወደ መሬት ይዘልቃሉ። አንዳንዶቹ ግጭቶች ሰው ከሠራው ማፍጠኛ ሁሉ የላቀ ጉልበት አላቸው። ይሁን እንጂ የትና መቼ እንደሚከሰቱ አስቀድሞ ስለማይታወቅ፣ እምብዛም የማይፈጠርን ቅንጣት በሥርዓት ለማጥናት ግጭቱን በዲቴክተር መካከል ሆን ብሎ ማድረስ ያስፈልጋል።

በጄኔቫ አቅራቢያ በሚገኘው የሰርን ማፍጠኛ፣ በላርጅ ሃድሮን ኮላይደር፣ የሚደረገው ይኸው ነው። 27 ኪሎ ሜትር ርዝመት ባለው ክብ ዋሻ ውስጥ የፕሮቶን ጥቅሎች በሰከንድ እስከ 40 ሚሊዮን ጊዜ እርስ በርስ ይተላለፋሉ። ሁሉንም መዝግቦ ማቆየት አይቻልም። ትሪገር የተባለው ሥርዓት በጥቂት ማይክሮ ሰከንዶች ውስጥ ወስኖ በሰከንድ 100 ሺህ ገደማ የሚሆኑትን ያሳልፋል፤ ቀጣዩ ደረጃ ደግሞ ቁጥሩን ወደ ጥቂት ሺህ ያወርደዋል። በወገራ አውድማ ላይ ገብስ የሚያዘራ ገበሬ እብቁን ቢጠራጠር ተመልሶ ሊያየው ይችላል። በትሪገር የተጣለ ሁነት ግን አይመለስም።

ሰው ሠራሽ የነርቭ መረቦች ዛሬ በትሪገሩም፣ ከዚያ በኋላ በሚደረገው ትንተናም ይሠራሉ። ይህ ጽሑፍ በይበልጥ የሚያተኩረው በትንተናው ላይ ነው፤ ምክንያቱም ለዚህ የሚሆን መረጃ ለሁሉም ክፍት በመሆኑ በደባርቅ ወይም በጎንደር የሚገኝ የድኅረ ምረቃ ተማሪ በተራ ላፕቶፕ ሊሠራበት ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2014 የአትላስ ተመራማሪዎች ካግል በተባለው መድረክ ላይ የሂግስ ውድድር አዘጋጁ፤ 1,785 ቡድኖች ተሳተፉ። መረጃው በኋላ በሰርን የክፍት መረጃ ማኅደር ተቀምጧል፤ 818,238 ሁነቶችን ይዟል፤ ሁሉም በኮምፒዩተር የተመሰሉ ናቸው። እያንዳንዱ ሁነት በ30 ተለዋዋጮች ይገለጻል፤ 17ቱ ከዲቴክተሩ የሚገኙ መሠረታዊ ልኬቶች ሲሆኑ፣ 13ቱ የፊዚክስ ባለሙያዎች ከእነዚያ ያሰሏቸው ናቸው። የሚፈለገው ሲግናል የሂግስ ቦዞን ወደ ሁለት ታው ቅንጣቶች ሲፈርስ ነው። ዳራ የሚባለው ደግሞ ይህንኑ የሚመስል ሌላ ሁነት ሁሉ ነው፤ ከዚህም ዋነኛው የዜድ ቦዞን ወደ ሁለት ታው መፍረስ ነው።

ሂግስ 125፣ ዜድ 91 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ መጠነ ቁስ አላቸው። ልዩነቱ ሰፊ ነው፤ በቀጥታ መለካት ቢቻል ኖሮ የነርቭ መረብ ባላስፈለገ። ችግሩ በኒውትሪኖዎቹ ላይ ነው። አንዱ ታው ወደ ኤሌክትሮን ወይም ሙዮን፣ ሌላው ወደ ሃድሮኖች ሲፈርስ ሦስት ኒውትሪኖዎች ሳይታዩ ይወጣሉ፤ ይዘውት የሄዱት ሞመንተም የሚገመተው ከጨረሩ ጋር ቀጤ ነክ በሆነው አቅጣጫ ከጎደለው ሚዛን ብቻ ነው። በዚህም የተነሳ የመጠነ ቁሱ ስርጭት ይሰፋል፤ ሂግስም በዜድ ስርጭት ጅራት ላይ ይወድቃል። የነርቭ መረቡ ተግባር 30ውን ተለዋዋጮች አጣምሮ ከ0 እስከ 1 ባለ አንድ ቁጥር መመለስ ነው። ተመራማሪው በዚህ ቁጥር ላይ ደፍ ይተክላል፤ ከደፉ በላይ ያለውን ይይዛል፣ የቀረውን ይተዋል።

ብዙ ጀማሪዎች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። ለሥልጠና ከተሰጡት 250,000 ሁነቶች ውስጥ 85,667ቱ ሲግናል ናቸው፤ ከሦስት አንድ ማለት ነው። ተፈጥሮ ግን እንዲህ ለጋስ አይደለችም። እያንዳንዱ ሁነት ክብደት ተሰጥቶታል፤ ክብደቶቹ ሲደመሩ በ2012 ከተሰበሰበው መረጃ የሚጠበቀው ሲግናል 692 ገደማ፣ ዳራው 411,000 ገደማ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ «ሁሉም ዳራ ነው» ብሎ የሚመልስ መረብ 99.8 በመቶ ትክክል ነው፤ አንዲት ሂግስ ግን አያገኝም።

ለዚህ ነው መለኪያው የትክክለኛነት ምጣኔ ሊሆን የማይችለው። የሚፈለገው ሲግናሉ ከዳራው የዘፈቀደ መዋዠቅ ምን ያህል ጎልቶ እንደሚወጣ ነው፤ በግርድፉ ሲግናሉ ለዳራው ካሬ ሥር ሲካፈል ይገኛል። ምንም ሳንመርጥ ሁሉንም ብንይዝ ውጤቱ 1.08 ነው። ለምሳሌ ያህል ከፍ ያለ ደፍ ተክለን 200 ሲግናልና 3,000 ዳራ ቢቀርልን 3.65 ይሆናል። ከሲግናሉ ከግማሽ በላይ ጥለን ግኝቱን ከሦስት እጥፍ በላይ አጠንክረናል። በውድድሩ ጥቅም ላይ የዋለው ቀመር ዳራው ሲያንስ እንዳይዛባ ተደርጎ የተስተካከለ ነው፤ በእርሱ አንደኛ የወጣው ጋቦር ሜሊስ የ70 የነርቭ መረቦችን ውጤት አዋሕዶ 3.8 ገደማ አስመዘገበ። በውሳኔ ዛፍ የሠሩት የቅርብ ተፎካካሪዎቹ ግን በጥቂት መቶኛ ነጥቦች ብቻ ነበር የቀሩት፤ የነርቭ መረብን የሁሉ መፍትሔ አድርጎ ለሚያይ ሰው ይህ ልብ ሊባል ይገባል።

ሌላም አለ። በሰንጠረዡ ውስጥ −999 የሚል ቁጥር በተደጋጋሚ ይታያል። የተበላሸ መረጃ አይደለም፤ ጄት በሌለበት ሁነት የጄት ሞመንተም ትርጉም እንደሌለው የሚናገር ነው። በአማካይ መሙላት በስታቲስቲክስ ትምህርት የተለመደ ቢሆንም እዚህ ፊዚክሱን ያጠፋል። የጄቶችን ብዛት ተከትሎ ሁነቶቹን መክፈል፣ ወይም መጉደሉን ራሱን እንደ ተለዋዋጭ ለመረቡ መስጠት ይሻላል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን መረቡ የተማረው በተመሰለ ዓለም ውስጥ መሆኑ ነው። በእውነተኛው መረጃ ላይ «ይህ ሂግስ ነው» የሚል መለያ የለም። የታው ጉልበት ልኬት ከምስሉ በጥቂት በመቶ ቢዛነፍ የተሰላው መጠነ ቁስም አብሮ ይዛነፋል፤ የዜድ ሁነቶች ወደ ሂግስ ክልል ይንሸራተታሉ፤ መረቡም ሳያመነታ ከፍ ያለ ቁጥር ይሰጣቸዋል። የአትላስ ባለሙያዎች ይህን ለመቀነስ ብልህ ዘዴ ተጠቅመዋል፤ ዜድ ወደ ሁለት ሙዮኖች የፈረሰባቸውን እውነተኛ ሁነቶች ወስደው ሙዮኖቹን በተመሰሉ ታዎች ይተካሉ። በዚህ ዘዴ የዳራው አብዛኛው ክፍል ከእውነተኛ ግጭት የተገኘ ይሆናል። የሲግናሉ ክልል የሚከፈተውም መረቡ ሲግናል በማይጠበቅባቸው ክልሎች ላይ ተፈትኖ ካለፈ በኋላ ነው።

በትሪገሩ በኩል ደግሞ ሌላ መንገድ ተጀምሯል። በሲ.ኤም.ኤስ. ዲቴክተር ላይ እ.ኤ.አ. በ2024 በመጀመሪያው የትሪገር ደረጃ የተተከለ መረብ ሲግናል ምን እንደሚመስል አልተነገረውም፤ ከእውነተኛ መረጃ የተለመደውን ግጭት ተምሮ ያልተለመደውን ያስቀራል።

በዚህ መስክ የመመረቂያ ርእስ ለሚፈልግ ተማሪ የውድድሩን ውጤት ለማሻሻል መድከም ብዙም ፍሬ ያለው አይመስለኝም። መረጃው አንድ ጊዜ ከወረደ በኋላ ኢንተርኔት ሳያስፈልግ ሊሠራ የሚችል የተሻለ ጥያቄ አለ፤ የታው ጉልበት በ1፣ በ2፣ በ3 በመቶ ሲዛነፍ የነርቭ መረቡና የውሳኔ ዛፉ ከሚያሳዩት ጥንካሬ ቀድሞ የሚወድቀው የትኛው ነው?