ልጃችን ፍልስፍና ልማር ቢል፦ ማዕርጉ የሚጠይቀውና ቤታችን የሚጠየቀው

በክርስቲያን ቤተ ሰብ መካከል አንድ ወጣት «ሐኪም ልሁን» ወይም «መሐንዲስ ልሁን» ሲል የሰማ አባት ፊቱ ይፈካል። «ፍልስፍና ልማር» ያለ እንደ ሆነ ግን ማዕዱ ጸጥ ይላል። እናት ልጇ ሃይማኖቱን የሚተው ይመስላታል፤ አባትም እንጀራ የማያበላ ትምህርት ሊጀምር ነው ብሎ ይሠጋል። መምህራን በመሆናችን ይህንኑ ጕዳይ ይዘው የሚመጡልን ወላጆች ጥቂቶች አይደሉም። ጥያቄያቸውም ሁለት ነው፤ ይኸውም «ትምህርቱ ምን ይጠይቃል? ልጃችንንስ ምን ያደርግብናል?» የሚል ነው። የመጀመሪያውን ሳያውቁ ሁለተኛውን በትክክል መመለስ ስለማይቻል፥ ሁለቱንም በየተራቸው ለመግለጽ እንሞክራለን።

ሥጋቱ ከየት መጣ?

ሥጋቱ ያለ ምክንያት የተወለደ አይደለም። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ በነበሩት ዓመታት በከፍተኛ ትምህርት ቤቶቻችን ይማር የነበረ ወጣት፥ የመጣው እርሻን ወይም ሕክምናን ሊማር ቢሆንም እንኳ፥ የማርክሲዝም ሌኒኒዝምን ፍልስፍና እንዲማር ይገደድ ነበር። ከዚህም የተነሣ ፍልስፍና ማለት «እግዚአብሔር የለም» የሚል ትምህርት ብቻ መስሎ በብዙ ወላጆች ኅሊና ተቀረጸ። ነገር ግን መልሱ አስቀድሞ ተወስኖ፥ ተማሪው አሜን ብሎ እንዲቀበለው ብቻ የሚሰጥ ትምህርት የፍልስፍናን ስም ይያዝ እንጂ የፍልስፍናን ጠባይ የያዘ አይደለም። የፍልስፍና ጠባዩ መጠየቅ፥ መመዘንና ምክንያትን መስጠት ነውና።

ከዚያ ዘመን አስቀድሞም ትምህርቱ በአገራችን ነበረ። በ1943 ዓ.ም. በተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፥ እ.ኤ.አ. በ1953 ወደ አገራችን የመጡት ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ክላውድ ሳምነር ፍልስፍናን አስተምረዋል። እኒህ ሰው ከግእዝ መጻሕፍታችን መካከል በ16ኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ ከዐረብኛ የተተረጐመውን መጽሐፈ ፈላስፋን፥ እንዲሁም ፊሳልጎስንና ሌሎችንም መርምረው «የኢትዮጵያ ፍልስፍና» በሚል ስም 5 ቅጾች አሳትመዋል። ስለዚህ ፈላስፋ የሚለው ስም በአባቶቻችን የመጻሕፍት ሣጥን ውስጥ ከብዙ ዘመን ጀምሮ የነበረ እንጂ ትናንት ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ አይደለም።

ቅዱስ ጳውሎስ ለቆላስይስ ሰዎች በጻፈው መልእክቱ በምዕራፍ 2 ስለ ፍልስፍና ማስጠንቀቁን የሚያነሡ አሉ። ማስጠንቀቁ እውነት ነው፤ ያስጠነቀቀውም ሰውን ከክርስቶስ ነጥቆ ስለሚማርክ ከንቱ ማታለያ ነው። ይኸው ሐዋርያ ግን በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 17 እንደ ተጻፈው፥ በአቴና ከኤፊቆሮስና ከኢስጦኢክ ፈላስፎች ጋር ተነጋግሯል፤ የራሳቸውን ባለቅኔዎች ቃል ጠቅሶም አስተምሯቸዋል። ትምህርታቸውን የማያውቅ ሰው ይህን ሊያደርግ ባልቻለም ነበር።

ማዕርጉ የሚጠይቀው

በአገራችን የመጀመሪያውን ዲግሪ ለመቀበል መንገዱ የሚጀምረው ከ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነው። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ ወደ ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ ለመግባት ከመቶ 50 ማምጣት ግድ ሆኗል፤ በዚያው በመጀመሪያው ዓመት ይህን ያገኙት ከተፈታኞቹ ከመቶ 3.3 ያህሉ ብቻ እንደ ነበሩ ይታወሳል። እንግዲህ ፍልስፍናን የሚማር ልጅ በሩን ያለፈው በዚሁ ጠባብ ወንፊት ነውና፥ «ሌላ የማይሆንለት ሰው ትምህርት ነው» ብሎ መናቅ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ቀድሞ 3 ዓመት የነበረው ትምህርት 4 ዓመት ሆኖ፥ የመጀመሪያው ዓመት ለሁሉም ተማሪዎች የጋራ ሆኗል። በዚህ ዓመት ተማሪው እንግሊዝኛን፥ የሥነ ልቡና መግቢያን፥ የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን ታሪክና መልክዐ ምድር ከመሳሰሉት ጋር፥ ሎጂክ የሚባለውን የአመክንዮ ትምህርት ይማራል። ይህ የአመክንዮ ትምህርት ሐኪም ለመሆን በሚሻውም ላይ ግዴታ መሆኑን ብዙ ወላጆች አያውቁም። ስለዚህ ልጃችን ፍልስፍናን ባይመርጥም እንኳ ከደጃፏ ሳይደርስ አይቀርም።

አመክንዮ ምን እንደሚያስተምር በአንድ ምሳሌ እንግለጽ። አንድ ሰው «ካህናት ሁሉ ይጾማሉ፤ ጎረቤታችን አቶ እገሌም ይጾማሉ፤ ስለዚህ አቶ እገሌ ካህን ናቸው» ቢለን እንስቃለን። ሁለቱ መነሻዎች እውነት ሲሆኑ መደምደሚያው ግን ከእነርሱ አይወለድም፤ ከካህናት ሌላ የሚጾም ብዙ ምእመን አለና። ነገር ግን በዚሁ በተሰበረ መንገድ የተሠራ አነጋገር በገበያ፥ በማኅበርና በችሎት ፊት ሲቀርብ ሳናስተውለው እንቀበለዋለን። ደግሞም ነገሩን ትቶ ተናጋሪውን መስደብ፥ «ብዙ ሰው ያለው ነውና እውነት ነው» ማለት፥ ሁለት ብቻ ያልሆነውን አማራጭ ሁለት ብቻ አስመስሎ ማቅረብ፥ እነዚህ ሁሉ በስማቸው ተለይተው የሚታወቁ ስሕተቶች ናቸው። ተማሪው እነርሱን በሌላው ንግግር ብቻ ሳይሆን በራሱም ንግግር እንዲለያቸው ይጠየቃል።

ከጋራው ዓመት በኋላ ወደ ክፍሉ የተመደበው ተማሪ የሚማራቸው ዋና ዋናዎቹ ትምህርቶች በአብዛኛው የታወቁ ናቸው። ከሶቅራጥስ፥ ከአፍላጦንና ከአርስጣጣሊስ ጀምሮ በመካከለኛው ዘመን መምህራን በኩል አልፎ እስካለንበት ዘመን የሚደርሰው የፍልስፍና ታሪክ አንዱ ነው። ከዚህም ጋር በምልክት የሚሠራው ከፍተኛው አመክንዮ፥ መልካምና ክፉ በምን እንደሚለይ የሚመረምረው የሥነ ምግባር ትምህርት፥ ማወቅ ምን እንደ ሆነና ስለ ህላዌ የሚጠይቁት ትምህርቶች፥ የመንግሥትና የፍትሕ ፍልስፍና፥ እንዲሁም የአፍሪካና የኢትዮጵያ ፍልስፍና ይገኛሉ። በፍጻሜውም ተማሪው አንድ ጥያቄ መርጦ፥ በመምህር ተቈጣጣሪነት የመመረቂያ ጽሑፍ ያዘጋጃል። አማካይ ነጥቡ ከ4.00 ቢያንስ 2.00 መሆን አለበት። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ለሁሉም የትምህርት ዘርፎች የተደነገገውን የመውጫ ፈተና ከመቶ 50 አግኝቶ ማለፍ ይገባዋል፤ ይህን ያላለፈ ትምህርቱን ቢጨርስም ዲግሪውን አይቀበልም።

በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ልጆች ደግሞ የሚያገኙት ሥርዐት ጥቂት የተለየ ነው። በአሜሪካ የመጀመሪያው ዲግሪ በተለምዶ 4 ዓመትና 120 ክሬዲት ያህል የሚፈጅ ሲሆን፥ ከዚህ ውስጥ ለፍልስፍና የሚውለው ብዙውን ጊዜ 30 ገደማ፥ ማለት 10 ያህል ትምህርት ነው፤ የቀረው ለሳይንስ፥ ለቋንቋ፥ ለታሪክና ለመሳሰለው ይሰጣል። በእንግሊዝ አገር ግን ጊዜው 3 ዓመት ሆኖ ተማሪው ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ በመረጠው ትምህርት ላይ ያተኵራል። በኦክስፎርድ ፍልስፍና ለብቻው አይሰጥም፤ ከሌላ ትምህርት ጋር ተጣምሮ ይሰጣል እንጂ። ከፖለቲካና ከኢኮኖሚ ትምህርት ጋር የተጣመረው እ.ኤ.አ. በ1920 የተጀመረው ነው።

ያልተጻፈው ችግር

እስካሁን የዘረዘርነው በደንብ መጽሐፍ የተጻፈው ነው። ከሁሉ የሚከብደው ግን ያልተጻፈው ነው። አንድን ገጽ ሦስት ጊዜ አንብቦ ጸሓፊው ምን እንዳለ በትክክል መረዳት፥ የማይስማሙበትን ሰው ዐሳብ ባለቤቱ ራሱ «ይህ የእኔ ነው» እስኪል ድረስ በቅንነት መግለጽ፥ ከዚያም በኋላ ብቻ በምክንያት መመለስ፥ ይህ ትዕግሥት የሚሻ ሥራ ነው።

ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት የመጣ ልጅ በዚህ ረገድ ባዶ እጁን አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው በየዕለቱ አዲስ ቅኔ ቈጥሮ በመምህሩ ፊት ያቀርባል፤ የትናንቱን ቢደግም ተቀባይነት የለውም፤ ሰሙ ከወርቁ ሳይገጥም ቢቀርም ይታረማል። በመጻሕፍት ቤትም መምህሩ «አንድም» እያለ ለአንዱ ቃል ልዩ ልዩ ፍቺ እየሰጠ፥ ለእያንዳንዱም ታሪኩንና ምስጢሩን ያመጣል። አንድ ቃል ከአንድ በላይ ሊታይ እንደሚችል የለመደ አእምሮ ለፍልስፍና ቅርብ ነው። ነገር ግን ልዩነቱንም መሰወር አይገባንም። በዩኒቨርሲቲ ፈተና ላይ «አባቶቻችን እንዲህ ብለዋል» ብሎ መጻፍ ብቻውን ምክንያት ሆኖ አይቈጠርም። የሃይማኖትን ነገር በእምነት እንደሚቀበለው፥ የአመክንዮን ነገር በምክንያት እንደሚመረምረው ያልለየ ወጣት ወይ በትምህርቱ ይወድቃል፥ ወይ በሃይማኖቱ ይናወጣል።

ለዚህም ሐተታ ዘርዐ ያዕቆብ ምስክር ነው። ተማሪው በኢትዮጵያ ፍልስፍና ስም ይህን መጽሐፍ ሳያገኝ አይቀርም። በውስጡም ጾምንና ምንኵስናን የሚነቅፍ ቃል አለበት። የመጽሐፉ ባለታሪክ በአክሱም አጠገብ ተወልዶ በአገራችን ትምህርት ቤት እንዳደገ ተጽፏል። ይሁን እንጂ ጽሑፉ የታወቀው በ19ኛው ምዕት ዓመት የካፑቺን መነኵሴው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ለሊቁ አንቷን ዳባዲ ከላከው በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1920 ኢጣሊያዊው ሊቅ ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ ደራሲው ራሱ ዳ ኡርቢኖ ነው ብለው ተከራከሩ፤ ሳምነር ደግሞ የኢትዮጵያዊ ሥራ ነው ብለው ተሟገቱ። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተዘጋም። ይህን ያልተነገረው ልጅ ወይ መጽሐፉን ሳያነብ ይረግመዋል፥ ወይ ሳይመዝን ይሰግድለታል። በሚገባ የተማረው ግን ሁለት ነገሮችን ለይቶ ይጠይቃል፤ መጽሐፉን የጻፈው ማን ነው? የተጻፈውስ ነገር በምክንያት ይጸናልን?

የእንጀራው ነገር

የአባትየውን ሥጋት አቃልለን ልናልፈው አይገባም። ይህ ዲግሪ እንደ ሕክምና ለተወሰነ ሥራ በቀጥታ የሚያበቃ አይደለም። በ2ኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን ፍልስፍና ራሱን ችሎ ስለማይሰጥ፥ የመምህርነቱም በር ሰፊ አይደለም፤ በዩኒቨርሲቲ ለማስተማር የሚሻ ከዚህ በላይ ያለውን ዲግሪ መያዝ ይኖርበታል። ብዙዎች በጋዜጠኝነት፥ በመንግሥት መሥሪያ ቤት፥ በበጎ አድራጎት ድርጅት ይሠማራሉ፤ ሌሎችም ሕግን ወይም ሌላ ሙያን ጨምረው ይማራሉ። ስለዚህ ወላጅ ልጁን ሊጠይቀው የሚገባው «ምን ትበላለህ?» ብሎ በቍጣ አይደለም፤ «ከዚህ ጋር ምን ትጨምራለህ?» ብሎ በምክር ነው። ቋንቋን፥ የጽሕፈት ሥራን ወይም የኮምፒዩተር ሙያን በእነዚያው 4 ዓመታት ውስጥ ደርቦ መያዝ ይቻላል።

ሦስት ተማሪዎች በአቴና

አሁን ወደ እናትየው ሥጋት እንመለስ። በ4ኛው ምዕት ዓመት አጋማሽ ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሳርያና ቅዱስ ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ የግሪክን ጥበብ ለመማር በአቴና ነበሩ። ጎርጎርዮስ ስለ ባልንጀራው ባደረገው የመታሰቢያ ንግግር፥ በዚያች የጣዖት ቤት በበዛባት ከተማ እነርሱ ወደ ቤተ ክርስቲያንና ወደ ትምህርት ቤት የሚወስዱትን ሁለት መንገዶች ብቻ ያውቁ እንደ ነበር ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ355 አንድ ሌላ ወጣት ወደዚያው ከተማ መጣ። ስሙም ዮልያኖስ ይባላል፤ ኋላ ነግሦ ክርስቶስን የካደው እርሱ ነው። ከተማው አንድ፥ ዘመኑ አንድ፥ ጥበቡም አንድ ሲሆን፥ ሁለቱ የቤተ ክርስቲያን ምሰሶዎች ሆኑ፤ ሦስተኛው ግን ጠላቷ ሆነ።

እንግዲህ ልዩነቱን ያመጣው ትምህርቱ ነው ልንል አንችልም። የተነሡበትን ቤት እንመልከት። ባስልዮስ አያቱ ማክሪና፥ እናቱ ኤሜልያ፥ ታላቅ እኅቱም ታናሽቱ ማክሪና በጸሎት የከበቡት ልጅ ነበረ። ከአቴና ሲመለስ በንግግር ችሎታው ታብዮ እንደ ነበረና ወደ ትሕትና የመለሰችውም ይህችው እኅቱ እንደ ሆነች ወንድማቸው ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ጽፏል። ዮልያኖስ ግን በልጅነቱ፥ እ.ኤ.አ. በ337፥ አባቱና ብዙ ዘመዶቹ የክርስቲያን ነገሥታት ቤት በነበረው በገዛ ወገኑ ተገድለውበት፥ ከቤተ ሰብ ፍቅር ተለይቶ በጠባቂዎች እጅ ያደገ ልጅ ነው። ለክህደቱ ምክንያት ይህ ብቻ ነው አንልም፤ ነገር ግን ሲጠራጠር የሚያዋየው እኅት እንዳልነበረው ግልጽ ነው። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ362 ክርስቲያን መምህራን የግሪክን መጻሕፍት እንዳያስተምሩ በዐዋጅ ከለከለ። ዮልያኖስ በጠላትነት የዘጋውን ደጅ እኛ ለሃይማኖት የቀናን መስሎን በልጆቻችን ላይ ልንዘጋው አይገባም።

ቤታችን የሚጠየቀው

ስለዚህ ዩኒቨርሲቲው ከልጃችን የሚጠይቀው እንዳለ ሁሉ፥ ከቤታችንም የሚጠየቅ አለ። መጀመሪያ፥ ልጁ ለዕረፍት ሲመጣ «አሁንም ታምናለህን?» ብለን እንደ መርማሪ አንቀበለው፤ «በዚህ ወር ያነበብከው ማንን ነው? የመለሰለትስ ማን ነው?» ብለን እንጠይቀው። ሁለተኛ፥ ጥያቄ ሲያመጣ «ዝም በል፥ ኀጢአት ነው» ማለትን እንተው፤ በቤት ዝም የተባለ ጥያቄ በሌላ ስፍራ አፍ ያወጣልና። የማናውቀውን «አናውቅም» ብለን፥ ከንስሐ አባቱ ወይም ከመጻሕፍት መምህር ጋር እናገናኘው። ሦስተኛ፥ ከቅዳሴና ከማኅበር እንዳይለይ በምክር ሳይሆን በአብሮነት እንርዳው፤ አባት ተኝቶ ልጁን «ቤተ ክርስቲያን ሂድ» ቢለው ቃሉ አይሰማለትም።

አራት ዓመት ረጅም ነው። ልጃችን በእነዚያ ዓመታት ብዙ የሚናገሩ መጻሕፍትን ያገኛል፤ የሚያዳምጥ ሰው ግን ሁልጊዜ አያገኝም። ያን ሰው በገዛ ቤቱ እንዲያገኘው እግዚአብሔር ለልጆቻችን ማስተዋልን፥ ለእኛም ትዕግሥትን ይስጠን።