አባቴ በሽርጥ የተነሳው ፎቶ የለንም

በቤታችን አልበም ውስጥ አባቴ ሁልጊዜ ዘንጧል። በሠርጉ ቀን ኮት፣ በእህቴ ምርቃት ኮት፣ በኢድ ደግሞ ነጭ ጀለቢያ። እኔ የማውቀው አባቴ ግን ሽርጡን አገልድሞ፣ አመሻሽ ላይ ደጃፋችን ተቀምጦ ከመንገደኛው ጋር ሰላምታ የሚለዋወጠው ሰው ነው። የዚያ ሰው አንድም ፎቶ የለንም።

ይህን የተረዳሁት ወደ አኼራ ከሄደ በኋላ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ማብቂያ ላይ ጦርነቱ ከሚሴ ሲደርስ ቤተሰባችን ሸሸ። ስንመለስ አልበሙ የነበረበት ሳጥን የለም። ዘመድ አዝማድ ኮፒ ስለነበረው የኮቱ ፎቶዎች አንድ በአንድ ተመለሱልን። የሽርጡ ግን ከየትም አልመጣም፤ መጀመሪያውኑ ማንም አላነሳውም።

ከዚያ ወዲህ በስልኬ በየቀኑ አንድ ፎቶ አነሳለሁ። ድግስ አይደለም፣ የልደት ኬክም አይደለም። ሊጥ የነካው የእናቴ ክንድ፣ የጀበናው ውታፍ፣ ጥላ ፍለጋ ባጃጁን ዛፍ ስር ያቆመ ጎረቤት። በረመዳን ደግሞ በትሪ ሆኖ መግሪብን የሚጠብቅ ሳምቡሳ።

እማዬ መጀመሪያ ላይ አልወደደችውም። «ሊጥ የነካው ክንድ ምን ያምራል ብለሽ ነው? ቆይ ልታጠብ፣ ሻሼን ልቀይር» ትለኛለች። ቀይራ ስትመጣ ፎቶውም ሌላ ይሆናል። አሁን ተስማምተናል፤ አንዱን ለእሷ፣ አንዱን ለእኔ አነሳለሁ።

ይህን ለመጀመር ትልቅ ካሜራ ያስፈልጋል የምትሉ ካላችሁ የአዲስ አበባውን ግርማ በርታን ተመልከቱ። በየመንገዱ የሚያልፈውን ሰው በአይፎን እያነሳ፣ ዙሪያውን በአንድ ደማቅ ቀለም ብቻ እየሞላ በሠራቸው ፎቶዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ጌቲ ኢሜጅስ ከኢንስታግራም ጋር የሰጠውን ሽልማት አግኝቷል። «ተራ የቤተሰብ ፎቶ ማን ያየዋል?» ለሚሉ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተሰኘው መጽሐፍ አለ፤ ገጾቹን የሞሉት ከየሰዉ ቤት የተሰበሰቡ የድሮ ፎቶዎች ናቸው።

ከፎቶው ይልቅ ሰው የሚሰንፈው በጽሑፉ ነው። እኔም ስንፌያለሁ። የመጀመሪያው ወር ፎቶዎቼ ቀን እንጂ ቃል የላቸውም፤ ግማሾቹን ለምን እንዳነሳኋቸው ዛሬ አላስታውስም። አሁን አንድ መስመር እጽፋለሁ፤ ያውም በፎቶው ላይ የማይታየውን። «እማዬ ስታቦካ» አልልም፤ እሱማ ይታያል። «የዘንድሮው ማሽላ ውሃ ይወዳል አለች» ብዬ እጽፋለሁ።

ሌላው ፈቃድ ነው። ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ ስሄድ ግመሉም፣ ሰዉም፣ የገበያው ቀለምም ያስጎመጃል። አንድ ቀን የግመል ባለቤት የሆኑ አፋር አዛውንት አየሁ። ቋንቋ ስለማያግባባን ስልኬን አሳየኋቸው፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። የዚያ ቀን ፎቶዬ መሬት ላይ የተጠቀለለ ገመድ ነው። የሰው ልጆችንም ወላጅ ሳልጠይቅ አላነሳም።

በየወሩ መጨረሻ አምስቱን መርጬ ፎቶ ቤት አሳትማለሁ፤ ሁሉንም ደግሞ ለእህቴና ለአክስቴ በቴሌግራም እልካለሁ። አንድ ሳጥን ውስጥ ያለ ነገር እንዴት እንደሚጠፋ አይተናልና።

ባለፈው ወር ካሳተምኳቸው አንዱን የፎቶ ቤቱ ልጅ ገለባብጦ አየና «እዚህ ላይ እኮ ሰው የለም፤ ይታተም?» አለኝ። የቡሃቃ ፎቶ ነው፤ በላዩ የአባቴ ሽርጥ ተከድኖበታል። ስንሸሽ እማዬ ዳቦ የቋጠረችበት ስለነበር ተርፏል። ከስሩ የጻፍኩት የእሷን ቃል ነው፦ «ድሮ ሰማያዊ ነበር።»