ፎርም ከሚሞላው እስከ ጠበቃው

አገር ቤት ፍርድ ቤት የሚሄድ ሰው በሩ አካባቢ ማመልከቻ ጸሐፊ አያጣም። ጉዳዩን ይነግረዋል፣ ያኛው ይጽፋል፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ይሸኘዋል። ልማዱ ባሕር ተሻግሮ አሜሪካም ገብቷል። ዋሽንግተን አካባቢ ግሪን ካርድ ከያዘ አምስት ዓመት የሞላው ሐበሻ ዜግነት ሲያስብ ቀድሞ የሚጠይቀው «ፎርም የሚሞላልኝ ሰው ታውቃለህ?» ብሎ ነው። የሚሞላ አይጠፋም፤ ታክስ የሚሠራው አለ፣ ቲኬት ቆራጩ አለ፣ እንግሊዝኛ የሚቀናው የአክስት ልጅ አለ። ጠበቃ ግን ኪስ ይጎዳል።

በሁለቱ መካከል ብዙዎቻችን የማናውቀው ሦስተኛ ሰው አለ፤ የአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር ዕውቅና የሰጠው ወኪል። የሕግ ዲግሪ አይጠየቅም፤ የኢሚግሬሽን ሕግን በሰፊው ማወቁንና መልካም ጠባዩን ግን ማሳየት አለበት። ፈቃዱን በግሉ አያወጣም። የሚያመለክትለት ድርጅት ራሱ ዕውቅና ያለው፣ ለትርፍ ያልቆመና በዋናነት ዝቅተኛ ገቢ ያላቸውን የሚያገለግል መሆን አለበት። ከድርጅቱ ከለቀቀ ቤቱ ቁጭ ብሎ ሰው ልወክል ማለት አይችልም። የድርጅቱ ዕውቅና ለ6 ዓመት፣ የወኪሉ ለ3 ዓመት ይጸናል። ከፊል ዕውቅና ያለው ማመልከቻ በሚታይበት መሥሪያ ቤት ብቻ ይወክላል፤ ሙሉ ያለው የኢሚግሬሽን ዳኛ ፊትም ይቆማል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ለእስር በሚዳርግ ወንጀል ለተከሰሰ ድሃ መንግሥት ጠበቃ ሲያቆምለት፣ ከአገር ይውጣ ተብሎ ለቀረበ ስደተኛ ግን ሕጉ ጠበቃ መያዝ ትችላለህ፣ ወጪው በመንግሥት አይሸፈንም ይላል።

እውነተኛው ልዩነት የሚታየው ወረቀቱ ላይ ነው። የዜግነት ማመልከቻው፣ ኤን-400፣ ለመምረጥ ተመዝግበህ ታውቃለህ ወይ ብሎ ይጠይቃል። መንጃ ፈቃድ ሊያወጣ ሄዶ፣ ከመስኮቱ ኋላ ያለችው ሠራተኛ ስለ መራጮች ምዝገባ ስትጠይቀው ነገሩ ሳይገባው «የስ» ያለ ሰው እንበል። ፎርም ሞዪው ጥያቄውን ሳያነብለት «ኖ» ላይ ምልክት አድርጎ ያልፋል። ወኪሉ እዚህ ላይ ብዕሩን ያስቀምጣል። ለመምረጥ መመዝገብ ዜጋ ነኝ እንደማለት ሊቆጠር ይችላል፤ ዜጋ ሳይሆኑ ዜጋ ነኝ ማለት ደግሞ ከአገር የሚያስባርር ጥፋት ሊሆን ይችላል። የመራጮች መዝገቡ ቅጂ ሳይታይ አይታለፍም። አንዳንዴ ምክሩ «ለጊዜው አታመልክት» ነው። በፎርም የሚከፈለው ሰው ይህን ሲል ሰምቼ አላውቅም።

የታመመች እናቱን ሊያስታምም አገር ቤት ሄዶ ሰባት ወር የቆየም እንዲሁ ነው። ከስድስት ወር ያለፈ፣ ዓመት ግን ያልሞላ ጉዞ ኑሮው እንደተቋረጠ ያስቆጥርበታል፤ ሥራው፣ ቤቱና ቤተሰቡ አሜሪካ እንደቆዩ በማስረጃ ካሳየ ግን ያንን ማስተባበል ይችላል።

የኛ ሰው ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ጥር 1 ቀን 1985 የተወለደ ሰው በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 9 ቀን 1993 ነው የተወለደው። አንዱ ወረቀት ላይ ተቀይሮ ሌላው ላይ ሳይቀየር ከቀረ ስምንት ዓመት ልዩነት ይመጣል። አያት ስም በአንዱ አለ፣ በሌላው የለም። ይህን አስቀድሞ ያላስተካከለ ሰው ኢንተርቪው ላይ ያብራራዋል፣ ያውም በጭንቀት።

«ኖተሪ» የሚለው ታፔላም አያታልላችሁ። ስሙ ውልና ማስረጃን ያስታውሰን ይሆናል እንጂ የአሜሪካ ኖተሪ ሥራው ፊርማ መመስከር ነው፤ የሕግ ምክር የመስጠት ሥልጣን የለውም።

ዕውቅና ያላቸውን ወኪሎች ዝርዝር የፍትሕ ሚኒስቴሩ ራሱ ያወጣል። ወኪል ነኝ የሚል ሰው ጂ-28 በሚባለው ቅጽ ላይ የድርጅቱን ስምና ዕውቅናውን ይሞላል፣ እናንተም ትፈርማላችሁ። ሌላም ምልክት አለ። ኤን-400 መጨረሻው አካባቢ ማመልከቻውን ያዘጋጀው ሰው ስሙን ጽፎ የሚፈርምበት ቦታ አለው። ገንዘብ ተቀብሎ ያንን ቦታ ባዶ የሚተው ሰው ሲገጥማችሁ ወረቀታችሁን ሰብስባችሁ ውጡ።