ስለ ዶሮዎች አብሮ መኖር

አንዲት የቤት እመቤት በጐንደር ከተማ ከቅዳሜ ገበያ፥ ወይም በደጋው ከዳባትና ከደባርቅ ገበያ ቄብ ዶሮ ገዝታ ወደ ቤትዋ ትመለሳለች። በቤትዋም አስቀድመው የሚኖሩ አራት ሴት ዶሮዎችና አንድ አውራ ዶሮ አሉ። ቄቢቱ ከእጅ ወርዳ መሬት በረገጠች ጊዜ የቤቱ ዶሮዎች ይከቡአታል፤ አንዲቱ ራስዋን ትነቍራታለች፤ ሁለተኛይቱ ላባዋን ትነጫለች፤ ሦስተኛይቱም እስከ አጥር ድረስ ታሳድዳታለች። ልጆቹ ይህን ባዩ ጊዜ ለእንግዳይቱ አዝነው በቤቱ ዶሮዎች ላይ ድንጋይ ይወረውራሉ። ርኅራኄያቸው መልካም ነው፤ ድንጋዩ ግን ምንም አይጠቅም፤ ልጆቹ ዘወር ባሉ ጊዜ ጠቡ እንደ ገና ይጀምራልና።

እንዲህ ያለችው ዶሮ ብዙ ጊዜ የምትጐዳው ከመነቈሩ ይልቅ በረኃብ ነው። ጥሬ በተበተነ ጊዜ ትባረራለች፤ ውኃ ወዳለበት ገል ስትቀርብም ትባረራለች። በማታም ከቆጡ ተገፍታ በውጭ ብታድር ሸለምጥማጥ ያገኛታል። እመቤቲቱም እንቍላልዋን ሸጣ ጨውና የልጆችዋን ደብተር ልትገዛ አስባ ሳለ ዶሮዪቱም ገንዘቡም ይጠፋሉ።

የዚህን ጠብ ምክንያት መርምሮ የጻፈ ቶርላይፍ ሼልደሩፕ ኤበ የሚባል የኖርዌይ ሰው ነው። ይህ ሰው ገና ልጅ ሳለ ዶሮዎችን መመልከት ይወድ ነበር፤ ማንኛይቱ ማንኛይቱን እንደምትነቍርም ለይቶ ያስተውል ነበር። ባደገም ጊዜ ያገኘውን በፈረንጆች አቈጣጠር በ1922 ዓ.ም. አሳተመ። ነገሩም እንዲህ ነው፤ በአንድ ግቢ የሚኖሩ ዶሮዎች ሁሉ ደረጃ አላቸው። የመጀመሪያይቱ ሁሉን ትነቍራለች፤ እርስዋን ግን የሚነቍራት የለም። ሁለተኛይቱ ከመጀመሪያይቱ በቀር ሌሎቹን ትነቍራለች። እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻይቱ ይወርዳል፤ እርስዋን ሁሉ ይነቍሩአታል፤ እርስዋ ግን ማንንም አትነቍርም። አንዳንድ ጊዜም ደረጃው ይጠላለፋል፤ ቀይዋ ጥቍርዋን፥ ጥቍርዋ ነጭዋን፥ ነጭዋም ተመልሳ ቀይዋን ትነቍራለች።

ይህ ነገር ሲሰሙት ጭካኔ ይመስላል፤ ነገር ግን የዶሮዎች ሰላም የቆመው በእርሱ ላይ ነው። ደረጃቸውን ያወቁ ዶሮዎች ጥሬ በተበተነ ቍጥር አይጣሉም፤ ታላቂቱ ስትመጣ ታናሺቱ ፈቀቅ ትላለች፤ ነገሩም በዚያው ያበቃል። ይህም እንዲሆን ዶሮ ዶሮን በመልክ ልታውቅ ይገባል፤ የምታውቃትም ይልቁንም በራስዋ ቅርጽና በራስዋ ላይ ባለው ቀይ ሥጋ ነው። እንግዳይቱን ግን ማንም አያውቃትም፤ ደረጃዋም ገና ስላልተቈረጠ ከእያንዳንዲቱ ጋር መጋጠም ግድ ይሆንባታል። ለብዙ ሳምንት ወደ ሌላ ቤት ሄዳ የተመለሰች ዶሮ እንኳ በገዛ ቤትዋ እንደ እንግዳ ትቈጠራለች።

በአገራችን ብዙ እናቶች የገዙአትን ዶሮ ለጥቂት ቀን እግርዋን በገመድ ከምሰሶ ጋር ያስራሉ። ቤትዋን እንድትለምድና ወደ መጣችበት እንዳትሄድ ነው ይላሉ። እውነት ነው፤ ሆኖም ማሰሩ ሌላም ሥራ ይሠራል። የቤቱ ዶሮዎች እያዩአት ይወጣሉ፤ እያዩአት ይገባሉ፤ በዚህም መልክዋን ይለምዳሉ። ጕዳቱ ግን የታሰረች ዶሮ ብትነቈር መሸሽ አለመቻልዋ ነው። ስለዚህ ሰፊ ቅርጫት ደፍቶባት፥ ከሥሩም ጥሬና ውኃ አኑሮላት አንድ ሳምንት ያህል ማቈየት ይሻላል። በቅርጫቱ ቀዳዳ ታያቸዋለች፤ እነርሱም ያዩአታል፤ ምንቃራቸው ግን አይደርስባትም።

ከዚህ በፊት ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከገበያ የመጣች ዶሮ ፈንግል ይዛ እንደ ሆነ ቅርጫቱ በሽታውን አይከለክለውም፤ በጥቂት ቀን የቤቱን ዶሮ ሁሉ ሊጨርስ ይችላል። ስለዚህ አስቀድሞ ሌሎች ዶሮዎች በማይደርሱበት ስፍራ ሁለት ሳምንት ለብቻዋ ትቀመጥ። የፈንግል ክትባትም አለ፤ የሚረባው ግን ለጤነኛ ዶሮ ነው እንጂ ለታመመች አይደለም።

ከቅርጫቱ የምትወጣበት ሰዓት ማታ ቢሆን መልካም ነው። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ደጋ ነውና ሌሊቱ ይበርዳል፤ በእንዲህ ያለ አገር ዶሮዎች ከሰው ጋር በቤት ውስጥ ያድራሉ፤ በቆጡም ላይ ተጠጋግተው ይተኛሉ። ዶሮ በጨለማ አጥርታ አታይም፤ ስለዚህ እንግዳይቱን በዚያን ሰዓት በመካከላቸው ቢያስቀምጡአት አይጣሉአትም። ሲነጋ ጠቡ መምጣቱ አይቀርም፤ ነገር ግን ይቀንሳል። ጧት ወደ ሰፊ ስፍራ ይውጡ፤ ጥሬውም በአንድ ቦታ ሳይሆን በሦስት በአራት ቦታ ይበተን፤ ውኃውም በሁለት ገል ይቀመጥ። ሁለት ቄቦች አብረው ቢገቡ ከአንዲት ይሻላል፤ መነቈሩን ይካፈሉታልና።

ከዚያ በኋላ መታገሥ ነው። አንዲቱ ነቍራ ሌላይቱ ብትሸሽ ነገሩ ተቈርጦአል። በየጊዜው እየሮጠ የሚያለያያቸው ልጅ ፍርዱን ያቋርጠዋል፤ እነርሱም በማግሥቱ ከመጀመሪያው ይጀምሩታል። ደም ከታየ ግን መታገሥ አይገባም፤ ዶሮዎች የቀላ ቍስል ባዩ ጊዜ በዚያው ላይ ይበረታሉና፥ የተጐዳችው እስክትድን ወደ ቅርጫትዋ ትመለስ።

የአውራ ዶሮ ነገር ከዚህ ይለያል። አንድ አውራ ባለበት ግቢ የሴቶቹ ጠብ ብዙ ጊዜ ይቀንሳል፤ ሁለት አውራዎች ግን በጠባብ ግቢ እስኪደሙ ድረስ ይዋጋሉ። ለዐሥር ሴት ዶሮዎች አንድ አውራ ይበቃል፤ ትርፉ ለዓውደ ዓመት ቢሸጥ ይሻላል።

ከሁሉ በታች የነበረች ዶሮ እንኳ 21 ቀን ታቅፋ ጫጩቶችዋን ባወጣች ጊዜ ጠባይዋ ይለወጣል። ላባዋን ነፍታ ትቆማለች፤ ቀድሞ ያባርሩአት የነበሩትም ከፊትዋ ይሸሻሉ። ጫጩቶቹም ጥቂት ሳምንት ሲሆናቸው ደረት ለደረት እየዘለሉ መጋጠም ይጀምራሉ፤ ልጆችም ጨዋታ ነው ብለው ይስቃሉ። እናታቸው ትታቸው እንደ ገና እንቍላል መጣል በጀመረች ጊዜ ማን ከማን እንደሚቀድም በመካከላቸው እየተለየ ይሄዳል፤ ይህንም ብዙ ጊዜ ደም ሳይፈስ ይጨርሱታል።