ስለ ጥርስ ሽቦና ስለ ድንገተኛ ችግሩ

የተዛባ ጥርሱን ለማቃናት ሲል በአፉ ውስጥ ሽቦ አሳስሮ ዓመት ተመንፈቅ ወይም ሁለት ዓመት የሚቈይ ሰው፥ በዚህ ሁሉ ዘመን አንዳች እንቅፋት ሳያገኘው ሕክምናውን ይፈጽማል ማለት ዘበት ነው፤ ሽቦ ይወጋዋል፥ በጥርሱ ላይ ተለጥፎ ሽቦውን የሚይዘው ብራኬት ይወልቅበታል፥ ላስቲክ ይበጠስበታል፥ ጉንጩም ይቈስላል። የችግሩ መድረስ አያስደንቅም፤ የሚያስደንቀው ሰው ችግሩን የሚመዝንበት ሚዛን ነው። ብዙው ሰው የሚፈርደው በሕመሙ ብዛት ስለ ሆነ፥ ያመመውን ሁሉ አደጋ፥ ያላመመውን ሁሉ ደኅና ያደርገዋል። በዚህ ሕክምና ግን ሕመም የታመነ ዳኛ አይደለም፤ አጥብቆ የሚያሳምመው ነገር ብዙ ጊዜ በጥቂት ቀን ሲያልፍ፥ ምንም የማያሳምመው የወራትን ድካም ከንቱ ሊያስቀር ይችላል።

ምክንያቱን ለመረዳት የጥርስን ባሕርይ ማወቅ ያሻል። ጥርስ በግንብ ውስጥ እንደ ተመረገ ድንጋይ ከመንጋጋ አጥንት ጋር ተጣብቆ የቆመ ሳይሆን፥ በሥሩና በአጥንቱ መካከል ባለ ስስ የጅማት ልባስ ተይዞ የሚኖር ሕያው አካል ነው። ሽቦው በቀስታ ሲገፋው፥ በተጫነበት ወገን ያለው አጥንት እየሟሟ፥ በተሳበበት ወገን ደግሞ አዲስ አጥንት እየበቀለ ጥርሱ ስፍራውን ይለውጣል፤ ይህንንም ስዊድናዊው ሐኪም ካርል ሳንድስቴት በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ በውሾች ላይ ባደረገው ምርመራ ገልጦታል። ጉዞው አዝጋሚ ነው፤ በወር አንድ ሚሊሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ሐኪሙ ሽቦውን ባጠበቀ ቍጥር ጥርሱ ከጥቂት ሰዓት በኋላ መጠዝጠዝ ይጀምራል፥ በማግሥቱ ይበረታል፥ በሳምንቱ ውስጥም ይበርዳል፤ በመጠኑ ቢነቃነቅም የሥራው ምልክት እንጂ የብልሽት ምልክት አይደለም። ለዚህ ሕመም ፓራሲታሞል በታዘዘው ልክ መዋጥና ለስላሳ ምግብ መመገብ ይበቃል፤ በአንዳንድ ቤት እንደሚደረገው ክኒን አድቅቆ ወይም ነጭ ሽንኩርት ወቅጦ በድድ ላይ ማኖር ግን ድዱን ከማቃጠል በቀር ጥቅም የለውም። በምግብ በኩል አገራችን ለጋስ ናት፤ ገንፎው፥ አጥሚቱ፥ በጾምም ጊዜ የሽሮው ፍትፍት ለእንደዚህ ላለ አፍ የተዘጋጁ ይመስላሉ። ቆሎ፥ ዳቦ ቆሎ፥ ሸንኮራና የበዓል አጥንት ግን እስከ ሕክምናው ፍጻሜ ድረስ መሰናበት አለባቸው፤ በዓሉ ካለፈ በኋላ ወደ ሐኪሙ ደጅ የሚመጣው የወለቀ ብራኬት ከየት እንደ መጣ ሐኪሙ ሳይጠይቅ ያውቀዋል።

ከጥዝጣዜው ቀጥሎ የሚያስጨንቀው የጉንጭና የከንፈር መቍሰል ነው። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውኃ አሟሙቶ በቀን ሦስት አራት ጊዜ መጕመጥመጥ ቍስሉን ያበርደዋል። የሚወጋውን ብረት ደግሞ በመጀመሪያ በንጹሕ ጨርቅ አድርቆ፥ ከሐኪሙ የተቀበለውን ሰም አተር አሳክሎ በጣት አድበልብሎ መለጠፍ ነው፤ ብረቱ ሳይደርቅ የተለጠፈ ሰም አይቈይም። (ሰም ያለቀበት ሰው ዓይኑን ወደ ጧፍ ይጥል ይሆናል፤ ጧፉ ግን ለሌላ አገልግሎት የተዘጋጀ ነውና እዚያው ይቆይ።) የሽቦው ጫፍ ከመንጋጋ ጥርስ ኋላ አፈንግጦ ሲወጋ፥ በታጠበ ላጲስ ወደ ጥርሱ ገፋ አድርጎ ማስተኛት ይቻላል። ይህ ሁሉ ካልረዳና ሐኪሙ ሩቅ ከሆነ ብቻ፥ በአልኮል በተጠረገ የጥፍር መቍረጫ ጫፉን መቍረጥ ይፈቀዳል፤ ይኸውም ታካሚው ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፥ ብርሃን ባለበት፥ የሚቈረጠውም ብጣሽ ወደ ጉሮሮ እንዳይወርድ በጎዝ ተይዞ ነው። ተኝቶ መቍረጥ ፈጽሞ አይገባም።

አሁን ወደማያሳምመው ነገር እንለፍ። ብራኬት ለምን ይወልቃል? በቀድሞው ዘመን እያንዳንዱ ጥርስ በብረት ቀለበት ይታሰር ነበር፤ በ1955 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ማይክል ቦኖኮር የጥርስን ልባጥ በአሲድ በጥቂቱ ቢያሻክሩት ማጣበቂያ አጥብቆ እንደሚይዝ ካሳየ በኋላ ግን ብራኬትን በቀጥታ በጥርስ ላይ መለጠፍ ተቻለ። ይህም ማጣበቂያ ሆን ተብሎ በልክ የተሠራ ነው፤ በሕክምናው መጨረሻ ብራኬቱ ሲነሣ የጥርሱን ልባጥ ገንጥሎ እንዳይሄድ፥ ከጥርሱ ይልቅ ማጣበቂያው እንዲለቅ ተደርጓል። ስለዚህ ጠንካራ ነገር የነከሰ ሰው ብራኬቱ ቢወልቅበት ሐኪሙን አይውቀስ። የሚያስወቅሰው ከዚያ በኋላ የሚሠራው ነው። አንዳንዱ በሱፐር ግሉ ይለጥፈዋል፤ ይህ መርዛምም ነው፥ ብራኬቱንም ካለስፍራው ያቆመዋል። ሌላው ደግሞ፥ እርሱ ነው የሚበዛው፥ ስላላመመው ዝም ይላል። ነገር ግን ብራኬቱ የለቀቀው ጥርስ ከሽቦው ትእዛዝ ውጭ ሆኗል፤ ጎረቤቶቹ ሲጓዙ እርሱ ይቀራል፥ ወይም የተጓዘውን ወደ ኋላ ይመለሳል። ተገቢው ነገር ብራኬቱ በሽቦው ላይ ተንጠልጥሎ ከሆነ በሰም ደግፎ እዚያው መተው፥ ከወጣም በንጹሕ ዕቃ ማኖር፥ በዚያው ዕለት ለሐኪሙ ደውሎ ቀጠሮው እስኪደርስ መጠበቅ ይቻል እንደ ሆነ መጠየቅ ነው። መፋቂያም፥ ለባዶ ጥርስ የተመሰገነ ቢሆንም፥ ከሽቦው ሥር አይገባምና ለስላሳ ብሩሽ ይተካው፤ በብራኬቱ ዙሪያ የተከማቸ ቆሻሻ ያለ አንዳች ሕመም ጥርሱን ነጭ ነጭ አድርጎ ይበላዋል።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን የተተወ ሽቦ ነው። ስፔሻሊስቶቹ በብዛት በአዲስ አበባ ስለሚገኙ፥ ከክፍለ ሀገር የሚመላለስ ታካሚ መንገዱ ሲከብደው ወይም ገንዘቡ ሲያጥረው ቀጠሮውን አንድ ጊዜ ያልፋል፥ ቀጥሎም ያፍራል፥ ካፈረም አይመለስም። ሽቦው ግን አያፍርም፤ ተቈጣጣሪ ባይኖረውም መግፋቱን አይተውም፥ ጥርሱንም ሐኪሙ ወዳላሰበው ስፍራ ሊወስደው ይችላል። ክፍያው የከበደው ሰው ይህንኑ ገልጦ ሥራው ለጊዜው እንዲቆምለት ወይም ሽቦው እንዲነሣለት መጠየቁ ከመሰወር እጅግ ይሻላል፤ ሐኪሞችም በበኩላቸው በተግሣጽ ሳይሆን በትዕግሥት ቢቀበሉት በሩ አይዘጋም ነበር።

ሌሊትም ቢሆን ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል የሚያስሮጡት ነገሮች ጥቂት ናቸው። ብራኬት የዋጠ ሰው ሳል ከሌለውና መተንፈሱ ደኅና ከሆነ ብራኬቱ በአንጀት በኩል ይወጣል፤ ትን ብሎት ሳሉ ያልቆመ ወይም ትንፋሹ የሚያፏጭ ከሆነ ግን ወደ ሳንባው ገብቶ ሊሆን ስለሚችል ራጅ ያስፈልገዋል፤ መናገርና መተንፈስ ያቃተውን ደግሞ ወደ ፊት አስጎንብሶ በትከሻዎቹ መካከል ጀርባውን በመዳፍ መምታት የዚያች ደቂቃ ሥራ ነው። ወደ ዓይን ወይም ወደ አንገት የሚስፋፋ እብጠት፥ ትኵሳት፥ አፍ መክፈትና መዋጥ አለመቻል፥ የላስቲኩ ወይም የኒኬሉ አለርጂ ያመጣው የከንፈርና የምላስ እብጠት፥ እነዚህም አያስጠብቁም። በኳስ ወይም በመውደቅ ቋሚ የፊት ጥርስ ተነቅሎ ቢወጣ፥ ሥሩን ሳይነኩ በአናቱ ይዞ፥ ቢቻል ወዲያው ወደ ጕድጓዱ መመለስ፥ ባይቻል በወተት ውስጥ አድርጎ በአንድ ሰዓት ውስጥ ለሐኪም ማድረስ ነው፤ ጾምም ቢሆን ወተቱ ለጥርሱ እንጂ ለሆድ አይደለም። የወተት ጥርስ ግን አይመለስም፤ ከሥሩ ያለውን ቋሚ ጥርስ ይጎዳዋልና።

አንድ ነገር ይቀራል፤ ይህም በየክረምቱ ከአሜሪካና ከዓረብ አገሮች ዘመዶቻቸውን ለመጠየቅ የሚመጡትን ወጣቶች ይመለከታል። ሽቦ እንዳሰሩ የሚጓዙ ሁሉ ከሐኪማቸው አጭር ደብዳቤ ይዘው ቢመጡ መልካም ነው። በደብዳቤውም የብራኬቱ ዓይነት፥ በውስጡ ያለው የሽቦው ውፍረት፥ ሽቦው የሚገባበት የብራኬቱ ስንጥቅም ከሁለቱ ከታወቁት ልኮች፥ ማለት 0.018 ወይም 0.022 ኢንች ከሆነው፥ የትኛው እንደ ሆነ ይጻፍበት፤ ለሰፊው የተሠራ ወፍራም ሽቦ በጠባቡ አይገባምና፥ አዲስ አበባ ያለው ሐኪም ይህን ካወቀ የወለቀውን በስፍራው ይመልሳል፥ ካላወቀ ግን የሚወጋውን ቈርጦ፥ የላላውን ደግፎ መሸኘት ብቻ ይሆናል ሥራው።